ክር መግፋት ማን አስተማረኝ

ባለፈው ዓመት የድሮ ባንዳችን ድራም መቺ ሞቶ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ የተተከለው ጠመንጃ ያዥ ሠፈር ውስጥ፣ ሚኒባሶች በጭንቅ የሚተላለፉበት ቅያስ ላይ ነበር። ከሴቶቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከወንዶቹ በኩል የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። የባንዳችን አለቃ የነበረው ሰውዬ ነው። አርጅቷል፣ ከዘራ ይዟል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ማይክራፎን ሳይዝም ማይክራፎን የያዘ ይመስላል። አጠገቡ ለተቀመጡት ወጣቶች በከዘራው ወደ እኔ እያመለከተ፣

«ያቺን ሴትዮ ታያላችሁ? ሊድ ጊታር ይዛ ሰርግ ላይ ስትቆም ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ነበር የሚያያት። እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አላቸው።

ልጆቹ ዞረው አዩኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በክርኗ ነካ አድርጋኝ፣ «እውነት ነው እንዴ እትዬ?» አለች። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ለቅሶ ቤት ክርክር አይነሳም፤ የሟች ሚስት ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ንፍሮው ሲዞር ዘገንኩ፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ።

እዚያ ያልመለስኩትን እዚህ እመልሳለሁ። የማንንም ስም አልጠራም። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ሰው ስሙን ቢሰማ ምንም አይጨምርለትም።

ጊታር የያዝኩት በደርግ ጊዜ፣ በሠፈራችን የኪነት ቡድን ውስጥ ነው። የገባሁት ለመዝፈን ነበር። ድምፅሽ ቀጭን ነው ተባልኩና ጊታር ተሰጠኝ፤ እሱም ሪትም። ሪትም ማለት ከዘፋኙ ጀርባ ቆሞ ምቱን ሳይለቁ ክሮቹን አንድ ላይ ጨክ ጨክ ማድረግ ነው። ሊድ የያዘው ሰው ዜማውን ይቀበላል፤ ዘፋኙ ትንፋሹን ሲሰበስብ እሱ ይናገራል። ሪትም የያዘ ሰው አይናገርም። በዚያ ላይ ክር አይገኝም ነበር። ያረጀውን በውሃ ቀቅለን መልሰን እናስራለን፤ ከዚያ የባሰ ሲመጣ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትቶ የሚያስር ነበር። እንደዚያ ያለ ክር ጣት ይቆርጣል እንጂ አይገፋም።

መግፋት ስል ለማያውቅ ሰው ልንገር። ጊታር ላይ አንድ ድምፅ ከያዙ በኋላ ክሩን በጣት ወደ ላይ ሲገፉት ይወጠርና ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። ልክ ሰው ሲያንጎራጉር ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራቶ እንደሚሄደው። የት ድረስ እንደሚገፋ የሚያሳይ ምልክት የለም፤ ጆሮ ነው የሚያውቀው። ትንሽ ካነሰ ድምፁ ይጎመዝዛል፤ ትንሽ ካለፈም እንደዚያው። ከደረሰ በኋላ ደግሞ ድምፁን ማርገብገብ አለ፤ ሙዚቀኞቹ ቫይብሬሽን ይሉታል። ሊድ የሚይዝ ሰው በእነዚህ በሁለቱ ነው የሚለየው። ፍጥነት ሌላ ነገር ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ተበተነ። አለቃችን የቀረነውን ሰብስቦ የሰርግ ባንድ አቋቋመ። እኔ በአዘቦት ቀን ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ላይ ሪትም። ቤቴ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ያለ ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነበር። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ጊታር፣ ቴፕ። ቴፑን ትቶልኝ የሄደ ሰው አለ። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። ቴፑ ግን ለነገሩ ያስፈልጋል።

ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ቴፑን እከፍታለሁ። ብዙ ካሴት አልነበረኝም፤ አንዱን ነበር ደጋግሜ የምሰማው። ዘፋኙ በባቲ ቅኝት በዝግታ ይዘፍናል፤ ሲያርፍ ጊታሩ ይቀበለዋል። ያንን ጊታር ነበር የምቀዳው። ትንሽ አስኬዳለሁ፣ አቆማለሁ፣ አፈላልጌ አገኘዋለሁ፣ ወደ ኋላ አጠነጥናለሁ። አምፕሊፋየር አልነበረኝም። ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ አምፕሊፋየር ድምፁ እንደ ትንኝ ነው። አገጬን እንጨቱ ላይ አስደግፌ በአጥንቴ ነበር የምሰማው። ጊታሩ ላይ ያለው መርገብገብ በጣም ደስ ይለኝ ነበር፤ ድምፁ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቶሎ ቶሎ፣ ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጣል። ብርድ የመታው ሰው ሲያወራ እንደሚሰማው። እሱን ለማምጣት ዓመታት ሠራሁ። አመጣሁት። ሰርግ ላይ የመድረኩን ዕቃ ስንፈትሽ አንዳንዴ ሳይታወቀኝ እሞክራታለሁ። ከኋላዬ ዝም ይላሉ። እኔ ያንን ዝምታ እንደ አክብሮት ነበር የቆጠርኩት።

ከዚያ ሊድ ይዞ የነበረው ልጅ ውጭ አገር ዕድል አገኘና ሄደ። ቦታው ክፍት ሆነ። ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከመጨረሻው ሰርግ በኋላ ዕቃ ስንጭን ወደ አለቃችን ሄጄ፣ «ሊዱን እኔ ልያዝ» አልኩት።

ሽቦ እየጠቀለለ ነበር። «ሊድ? አንቺ?» አለና ወደ ድራም መቺው አየ። ድራም መቺው ወደ መኪናው ውስጥ አየ። «እሺ። በጾም ሥራ የለንም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሰርጉ ሳይጀምር እንሰማሻለን። ከሌላ ባንድ አንድ ሰው መጥቶ ይሞክራል፤ አንቺም ትሞክሪያለሽ። ግን እስከዚያ ክር መግፋት ተለማመጂ። ትገፊያለሽ እንጂ አትደርሺም!»

ጫኞቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ልብ በሉ፤ የነገረኝ ስለ መግፋቱ ብቻ ነው።

ያ ቦታ ለእኔ ምን እንደነበር ለማስረዳት ቃል አላበዛም። ዕድሜዬ አርባን አልፏል። በመሥሪያ ቤት የሌላ ሰው ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ በባንዱ የሌላ ሰው ዜማ እደግፋለሁ። አንድ ጊዜ ዘፋኙ ሲያርፍ እኔ እንድናገር እፈልግ ነበር። ያንን ካላገኘሁ ሌላ አይመጣም፤ ያንን አውቃለሁ።

እዚያው ልደታ አጠገብ፣ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ አንድ ሰው ነበሩ፤ በዘመናቸው በሆቴል ባንድ ሊድ የያዙ፣ የወሎ ሰው። መጫወት አቁመው ነበር። ለምን እንዳቆሙ አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም ለምን በዚህ ዕድሜሽ ብለው አልጠየቁኝም። በጾሙ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጊታሬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሄድኩ።

ክፍሉን መጋረጃ ለሁለት ከፍሎታል። ከመጋረጃው ወዲያ ሚስታቸው ናቸው፤ ሁልጊዜ የሚከትፉት ወይም የሚለቅሙት ነገር አላቸው። ከወዲህ በኩል ትንሽ አምፕሊፋየር፣ ሁለት በርጩማ። ሰውዬው ጊታሬን አምፕሊፋየሩ ላይ ሰኩልኝና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀመጡ። በእጃቸው የሻይ ብርጭቆና ማንኪያ።

«ጋሼ፣ እጄን አያዩም?»

«እጅሽን አይቼ ምን ላደርግ? ቀለበት ልገዛልሽ ነው? ግፊ።»

ገፋሁ። ማንኪያው ብርጭቆውን ጢን አደረገው።

«አልደረሰም። የት ነበር የምትሄጂው?»

«ወደ ላይ ነዋ።»

«ወደ ላይማ ሰማይም አለ። የት?»

አላውቅም ነበር። ክር እገፋለሁ እንጂ የምደርስበትን ድምፅ አስቤው አላውቅም። መድረሻውን መጀመሪያ ሳይገፋ አስመቱኝ፤ ከዚያ አንጎራጉሪው አሉኝ። ዘፋኝ አይደለሁም ስላቸው፣ «ማን ዝፈኚ አለሽ? አፍሽ ያላወቀውን ጣትሽ ከየት ያመጣዋል?» አሉ። አንጎራጎርኩ። ከሃያ ዓመት በፊት ድምፅሽ ቀጭን ነው ከተባልኩ ወዲህ ሰው ፊት ሳንጎራጉር የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ገፋሁ። ጢን። ገፋሁ። ጢን። ጣቴ ተላጠ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሚስታቸው፣ «ኧረ ይሄ ሰውዬ! የሰው ልጅ ጣት ሊያስቆርጥ ነው እንዴ!» አሉ።

«በአንድ ጣት ስለምትገፋ ነው። አንዱ ይገፋል፣ ሁለቱ ከኋላ ይደግፉታል።»

«ለእኔም ሁለት ደጋፊ ላክልኝ እንግዲያው! ይሄን ሁሉ ጎመን ብቻዬን ነው የምከትፈው።»

ደንባቸው ይህ ነበር። ካነሰ አንድ ጊዜ ጢን፤ ካለፈ ሁለት ጊዜ። ልክ ከሆነ ምንም። ጎበዝ አይሉም፣ አይዞሽ አይሉም። ጣቶቼን ሦስቱን አንድ ላይ አስያዙኝ፤ አውራ ጣቴን በጊታሩ አንገት ላይ አሳልፌ እንዳስደግፍ፣ ጣቴን ሳይሆን የእጅ አንጓዬን ቁልፍ እንደሚያዞር ሰው እንዳዞር ነገሩኝ። ይህን ሁሉ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ነው። የማደርገውን ስህተት በድምፁ ያውቁታል። «አሁን አውራ ጣትሽን አወረድሽው» ይላሉ፤ ሳይ ወርዷል።

ሰኞ መሥሪያ ቤት ስገባ የግራ እጄ ጣቶች የጽሕፈት መኪናውን ቁልፍ መንካት አልቻሉም። ፊደል እየዘለልኩ ጻፍኩ። ኃላፊዬ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ፣ «ዓይንሽን ብትታዪ ምን ይመስልሻል?» አለኝ። እሺ አልኩ። ጊታር የሚባል ነገር እንዳለኝ በመሥሪያ ቤቱ ማንም አያውቅም ነበር፤ እንዲያውቁም አልፈለግኩም።

ጾሙ ሲጋመስ አንድ ቅዳሜ ገፋሁና ማንኪያው ዝም አለ። መልሼ ገፋሁ። ዝም። የተኙ መሰለኝ።

«ጋሼ?»

«እ?»

«ምንም አላሉም።»

«ምን ልበል? ደረሰ እኮ።»

ከመጋረጃው ወዲያ፣ «ዛሬ ድመቷ አልጮኸችም» አሉ ሚስታቸው፤ ጊታሬን ማለታቸው ነው። ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ሳቄን ቶሎ ነው የምጨርሰው፤ ያን ቀን ግን ጥቂት ቆየሁበት።

«እንግዲህ ድረሺና እዚያው ያዢው» አሉ። «ዘፋኙ አርፏል፤ ጊዜው ያንቺ ነው።»

ገፋሁ፣ ደረስኩ፣ ያዝኩት። ዓመታት የደከምኩበትንም ጨመርኩበት፤ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቶሎ ቶሎ አንቀጠቀጥኩት። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው ዞረው እጄን አዩ።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«የቱን?»

«መንቀጥቀጡን።»

«ከቴፕ ነው የቀዳሁት» አልኩና የትኛው ካሴት እንደሆነ ነገርኳቸው። ኩራት ተሰምቶኝ ነበር መሰለኝ።

«እዚያ ላይ ጊታር የያዘውን ሰውዬ አውቀዋለሁ። አጠገቡ ቆሜ ሠርቻለሁ። እሱ እንዲህ አያደርግም።»

«ያደርጋል ጋሼ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።»

«አያደርግም።»

«የእኔ ጆሮ ነው የተሳሳተው ማለት ነው?»

ተቆጥቼ ነበር የተናገርኩት። እሳቸው አልተቆጡም። ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ «ሰው ሲዘፍን እንዴት ነው?» አሉኝ። «መጀመሪያ ይደርሳል። ከዚያ ይቆማል። ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ነው ድምፁ የሚርገበገበው። ያንቺ ገና ሳይደርስ ይንቀጠቀጣል። ሳይመጣበት የፈራ ሰው ነው የሚመስለው። ነገ እመጣለሁ፤ ቴፑን ልስማው።»

እሑድ ከሰዓት መጡ። ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያጥቡት ጎረቤቶቼ እጃቸውን ከሳሙናው አውጥተው ነበር ያዩዋቸው። በቤቴ ደጃፍ የወንድ ጫማ ካዩ ዓመታት አልፏቸዋል። አንዷ፣ «እንግዳ መጣልሽ?» አለች። «ዘመዴ ናቸው» አልኩ። ወንበሬን ሰጥቻቸው እኔ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

ቴፑን ከፈትኩ። አንድ ዘፈን ሙሉ ሰሙ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው። ጊታሩ ጋ ሲደርስ፣ «ይኸው!» አልኳቸው። እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ። ሲያልቅ፣

«ድገሚው። አሁን ጊታሩን ተዪው። ሳክስፎኑን ስሚ።»

ሰማሁ።

«ምን ያደርጋል?»

«ይንቀጠቀጣል።»

«ቤዙስ?»

ወደ ቴፑ ጠጋ አልኩ።

«ዘፋኙስ? ሁሉንም በአንድ ቀን በርዷቸው ነው?»

ተነሥተው ቴፑን ዘጉት፤ የካሴቱን በር ከፈቱና ካሴቱን አወጡ። በቴፑ ውስጥ የካሴቱን ክር እየጎተተች የምታስኬድ ትንሽ ጎማ አለች፤ የጣት ጫፍ ታህላለች። በጥፍራቸው አዟዟሯት። አንድ ጎኗ ተበልቶ አልቋል። በዞረች ቁጥር ታነክሳለች። እሷ ስታነክስ ዘፋኙም፣ ሳክስፎኑም፣ ጊታሩም አብረው ያነክሳሉ።

ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ከዚያች ጎማ ነበር።

እሳቸው አልሳቁም፤ ያንን አልረሳላቸውም። ሻያቸውን ጠጡ። እኔ ጎማዋን እያየሁ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ዛሬም አስበዋለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ቤቴ መጥቶ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ያንን ካሴት ሰምቶ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን «ቴፕሽ ተበላሽቷል» ይለኝ ነበር። የመጣ ሰው አልነበረም። ለእኔ ደግሞ ሌላ ቴፕ አልነበረኝምና የዘፋኙ ድምፅ እንደዚያ መስሎኝ ቀረ።

«ቴፑን እስከ ፋሲካ አትክፈቺው» አሉኝ ሲወጡ።

«ቤቱ ጭር ይልብኛል ጋሼ።»

«ይበልብሽ። የራስሽን እጅ ስሚ።»

የቀረውን ጾም ቴፑን በፎጣ ሸፍኜ አሳለፍኩት። ከሥራ ስገባ እጄ ወደ ቁልፉ ይሄድና ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ በፈቃድ የቀረሁ ቀን ከልደታ የቅዳሴው ድምፅ ይሰማኛል፤ ከመንገዱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚሉ የታክሲ ረዳቶች፤ ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤቴ ሳል። ጎረቤቴ እንደምታስል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። በቤቱ ውስጥ ከእኔ ጋር ሲያወራ የኖረው ሰው የሄደ ነው የሚመስለው። አገጬን ጊታሩ ላይ አስደግፌ እገፋለሁ። እደርሳለሁ። እቆማለሁ። እንዳልንቀጠቀጥ ጥርሴን እነክሳለሁ። እጄ ልማዱን አልተወም፤ ሳልጠራው ይመጣል። ቅዳሜ ስሄድ ማንኪያው በመንቀጥቀጤ ይጮኻል።

«ቁሚ! ማን እየጠራሽ ነው የምትሮጪው? ቁሚ… ቁሚ… አሁን። ቀስ ብለሽ። ወደ ላይ ትንሽ፣ ተመልሰሽ እዚያው። ከዚያ በታች አትውረጂ። ደግሞ ወደ ላይ። ተመለሽ።»

በሰሙነ ሕማማት ዋዜማ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ። ያን ቀን ሚስታቸውም ከመጋረጃው ጀርባ መክተፋቸውን አቁመው ነበር።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንት ባንዱ ልምምድ በሚያደርግበት የተከራየነው አዳራሽ ተሰበሰብን። ሁሉም ከጾም ወጥቶ ጠግቧል፤ ጨዋታው ደርቷል። ከሌላ ባንድ የመጣው ሰው ቀድሞኝ ሞከረ። ፈጣን ነው። ጣቱን መከተል አይቻልም። አጨበጨቡለት። ከዚያ አለቃችን ወንበሩን ገልብጦ ተቀመጠና፣ «በይ ደግሞ የእኛ እመቤት» አለ።

ቀስ ያለውን የባቲ ዘፈን ጠየቅኩ። ዘፋኙ ዘፈነና አረፈ። ገፋሁ። ደረስኩ። ቆምኩ። ከዚያ፣ ድምፁ ሊያልቅ ሲል፣ ወደ ላይ ትንሽ፣ ተመልሼ እዚያው። ደግሞ። የድራሙ ምት ቆመ። ድራም መቺው እንጨቶቹን አየር ላይ ይዞ ነበር የሚያየኝ።

አለቃችን ከወንበሩ ብድግ አለና ጮኸ፤ «ኧረ! ወባዋ ተሻላት!»

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ዘፋኙ ማይክራፎኑ ላይ ነው የሳቀው፤ ሳቁ በስፒከሩ ወጣ።

«ወባ ማን ናት?» አልኩ።

ሳቁ ቀስ በቀስ ረገበ። ድራም መቺው እንጨቶቹን አቀርቅሮ ማየት ጀመረ።

«አይ፣ ለጨዋታ ነው» አለ አለቃችን። «እጅሽ ይንቀጠቀጥ አልነበር? ሊድ ስትሞካክሪ። እንደዚያ ነበር የምንልሽ። በፍቅር ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰርግ መሥራት ከጀመርን ወዲህ ነዋ! ድሮ እኮ ነው።»

«ያንን ሁሉ ዓመት ትሰማው ነበር?»

«ማን ያልሰማ አለ?»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

ትከሻውን ሰበቀ። «አልጠየቅሽኝማ።»

ይህን መልስ ብዙ ዓመት አኝኬዋለሁ። ውሸት ነው። መንገድ ላይ የማታውቀኝ ሴት ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ ጁፖንሽ ይታያል» ትለኛለች። ጠይቄያት አይደለም። ታክሲ ውስጥ ሰው ከኋላዬ፣ «ኮትሽ በሩ ያዘው» ይለኛል። ጠይቄው አይደለም። ለሰው የሚነገረው ስለጠየቀ ሳይሆን ሰው ስለሆነ ነው። እነሱ ያልነገሩኝ ቀልዱ ስለጣፈጣቸው ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ቢነገረኝ ኖሮ ሊዱን ቀደም ብዬ እጠይቅ ነበር፤ ሪትም የሚይዝላቸው ዝምተኛ ሰው ደግሞ ያስፈልጋቸው ነበር።

«በይ ቅዳሜ ሊዱን ያዢ። ለጊዜው» አለኝ።

ያዝኩ። ጊታሬን ጠቅልዬ ብወጣ ኖሮ አምሮብኝ ነበር የሚባለው፤ ለእነሱ ግን ይቀላቸው ነበር። አልወጣሁም። ሰርግ በሰርግ ላይ ቆምኩ። ዘፋኙ ሲያርፍ ተናገርኩ። የቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ወደ ሙሽራዋ ነበር የሚያዞረው፤ በዚያ ሁሉ ካሴት ውስጥ እጄ የለም፤ ድምፁ ግን እኔ ነኝ። ከአለቃችን ጋር ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት እንደምንነሣና በምን ቁልፍ እንደምንጫወት ብቻ ነው የተነጋገርነው። ኋላ ኪቦርድ መጣና አንድ ሰው የአምስቱን ሥራ ያዘ፤ ባንዱም ሳይታወቅ ተበተነ። እስከዚያ ግን «ለጊዜው» ያለው ጊዜ አላለቀም ነበር።

የሆነውን ለሰውዬው ከሙከራው በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ነገርኳቸው። ሊዱን እንደያዝኩ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልጠየቅሽኝማ አለኝ» ስላቸው ግን ዞረው አዩኝ።

«እኔንስ መቼ ጠየቅሽኝ?» አሉ። «ክር መግፋት አስተምሩኝ ብለሽ መጣሽ። ስለ መንቀጥቀጡ አንድም ቃል አላልሽም። ሰማሁ፤ ነገርኩሽ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሚስታቸው፣ «እኔ ደግሞ ስለ ድመቷ ነግሬሻለሁ» አሉ።

ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ከቴፑ ላይ ፎጣውን አነሣሁ። ካሴቱን ከፈትኩ። ዘፋኙ እየተንቀጠቀጠ መጣ፤ ከብዙ ሳምንት በኋላ የሰማሁት ድምፅ ነበር። ጊታሩ ጋ ሲደርስ አብሬው ገፋሁ። እኔ ደርሼ ቆምኩ። እሱ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ ድምፆች እንደማይስማሙ ሁለት ሰዎች ተፋተጉ፤ ጥርስ ያፋጫል። ትንሽ ታገስኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ጎማዋን ማስቀየር ይቻል ነበር፤ የሚሠሩ ሰዎች እዚያው ሠፈር ነበሩ። አላስቀየርኩም። እኔ የማውቀው የሚንቀጠቀጠውን ሰውዬ ነው፤ የተስተካከለውን አላውቀውም። ሌላ እንግዳ ወደ ቤቴ ማስገባት አልፈለግኩም።

ልደታ ሲፈርስ የእሳቸውም ቤት የእኔም ቤት ፈረሰ። እኔ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ፤ እነሱ ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። አንድ ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳቸው፤ መጋረጃ የሌለው ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ፊት ለፊት ተያይተን መቀመጥ ለሦስታችንም ከበደን። ሁለተኛ ስሄድ ሚስታቸውን ብቻ አገኘሁ።

ከለቅሶው የተመለስኩ ቀን ልብሴን ሳልለውጥ ጊታሬን አወጣሁ። አሁን ትንሽ አምፕሊፋየር አለኝ፤ ጎረቤት ግድግዳ ስለሚደበድብ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ነው። ጣቶቼ በጠዋት አይታጠፉም፤ ከሰዓት ግን እሺ ይላሉ። መድረሻውን አንጎራጎርኩት። ገፋሁ። ደረሰ። ቆምኩ፤ ከዚያ ሊያልቅ ሲል ወደ ላይ ትንሽ፣ ተመልሼ እዚያው።

ከዚያ እንደ ልማዴ የማንኪያውን ድምፅ ጠበቅኩ። ጠረጴዛው ላይ የጠጣሁበት የሻይ ብርጭቆ አለ፤ ማንኪያው በውስጡ ነው። ዝም አለ። በእሳቸው ቤት ዝምታ ማለት ልክ ነው ማለት ነበር። እዚህ ቤት ግን ስሳሳትም ዝም ነው የሚለው። ስለዚህ ልክ ይሁን አይሁን የምፈርደው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ልክ ነበር።